መዝገብ የሌለው ምንሽር

በአማርኛ «የአደን ጠመንጃ» ማለት ይቻላል፤ ቃላቱ አሉን። ነገር ግን መንዝ ወይም ጎጃም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቤት ገብታችሁ፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን እያያችሁ «አባቴ፣ ይኼ የአደን ነው ወይስ የጦር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰውየው እናንተን ነው የሚታዘባችሁ። ውጅግራ ውጅግራ ነው፤ ምንሽርም ምንሽር ነው። ጠላት ሲመጣ ይዘመትበታል፤ ዝንጀሮ ማሽላ ውስጥ ሲገባ ይባረርበታል፤ ነብር በረት ሲደፍር ይታደንበታል፤ ሠርግ ሲሆን ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ከፈረሱ ጋር ለቅሶው ላይ ይወጣል። ዕቃው አንድ ነው፤ ሥራው የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ነው።

ፈረንጆቹ ይህን ከለያዩት ቆይተዋል። ለጦሩ አንድ፣ ለአጋዘኑ ሌላ፣ ለዝሆኑ ሌላ፣ ለወፉ ሌላ ጠመንጃ አላቸው። ከዚያም አልፈው ያረጀ የአደን ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ጎራ «ይተኮስበት» ይላል፤ ሁለተኛው «አይነካ» ይላል። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት የሀብታም ጨዋታ ይመስላል። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰውስ ከጠመንጃ ጋር ምን አገናኘው? ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ክርክሩ እኛ በመማሪያ ክፍል ስንሟገትበት ከኖርነው የራቀ አልሆነብኝም። ቅኔ የሚኖረው በብራናው ላይ ነው ወይስ በሚቀኘው ሰው አፍ? ያው ጥያቄ ነው፤ ብረት ለበሰ እንጂ።

«ይተኮስበት» የሚሉት ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ጠመንጃ የተሠራው ለትከሻ ነው ይላሉ። ሚዛኑ የቱ ጋ እንደሚያርፍ፣ ቃታው ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚያስይዝ፣ የጥቁር ባሩድ ጭስ ፊትህ ላይ ተጋርዶ አውሬው ይውደቅ ይምጣብህ እስክታውቅ ስንት ጊዜ ልብህ እንደሚመታ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ የተኛ ጠመንጃ አይነግርህም። አንዲት ጥይት ብቻ በሚጎርስ ጠመንጃ ጎሽ ፊት የቆመ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ የሚገባህ፣ አንድ ቀን አንተም አንዲት ጥይት ብቻ ይዘህ ስትቆም ነው። እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

«አይነካ» የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጭስ አልባ ባሩድ በጦር ጠመንጃ የገባው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 እኛ «ለበን» ያልነውን ጠመንጃ ከሠሩ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ሁሉ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ የአዲሱን ግፊት አይችልም። አንድ ቸኩል ሰው ዘመናዊውን ባሩድ በአሮጌ ቀለህ ሞልቶ ቢተኩስ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። በትክክለኛው ባሩድ ቢተኮስም ዝቃጩ እርጥበት ይስባል፤ የድሮው ጥይት መለኮሻም ጨው የሚተው ነው፤ በዚያው ቀን በፍል ውሃ ካልታጠበ የአፈሙዙ ውስጥ መዛግ ይጀምራል። መቶ ሃምሳ ዓመት የደረቀ የሰደፍ እንጨት አንዴ ከተሰነጠቀ ደግሞ እንደነበረ አይገጥምም። እያንዳንዷ ተኩስ ከዕቃው ላይ ጥቂት ታጎድላለች። እነዚህም እውነት አላቸው።

ይሁንና ሁለቱም ወገኖች አፍ አውጥተው ሳይናገሩት የሚደገፉበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም መዝገብ ነው። ትልልቆቹ የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች፣ እነ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፣ እነ ሪግቢ፣ እነ ፐርዴይ፣ ያወጡትን ጠመንጃ በቁጥር በቁጥሩ በመዝገብ ጽፈው አኑረዋል። ዛሬ አንድ ሰው ቁጥሩን ይዞ ቢጠይቅ፣ ጠመንጃው መቼ እንደተጠናቀቀ፣ ለማን እንደተሠራ ከመዝገቡ ይነበብለታል። ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲመጣ ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ ባለሁለት አፈሙዝ የሆላንድ ሥራ ነበር። ሰውየው ከአደኑ ሲመለስ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1910 ታተመ። እንግዲህ ያ ጠመንጃ ተተኮሰም ተሰቀለም፣ የማን እንደነበረና ምን እንደሠራ አይጠፋም። የፈረንጆቹ ጭቅጭቅ የጠገበ ሰው ጭቅጭቅ ነው የምለው ለዚህ ነው። ዋናውን ነገር በካዝና ቆልፈው ስለ ቀሪው ይከራከራሉ።

የእኛስ መዝገብ የት ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ የእኛ መዝገብ ፉከራው ነበር። ፉከራን፣ ሽለላን፣ ቀረርቶን ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምናተኩረው በዜማው፣ በቤት አመታቱ፣ በግነቱ ላይ ነው። ውስጡ ያለውን መረጃ እንደ መረጃ አንቆጥረውም። እስቲ ልብ በሉት። ፎካሪው ሲነሣ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። የጌታውን የፈረስ ስም ይጠራል። የት በረሃ እንደወረደ፣ በየትኛው ጠመንጃ ምን እንደጣለ ይናገራል። ይህንን ሁሉ ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሞ አይደለም የሚለው፤ አብረውት የወረዱት ሰዎች ዋንጫቸውን ይዘው እየሰሙት ነው። ያልጣለውን ጣልኩ ቢል እዚያው የሚያሳፍረው አያጣም። የለንደኑ ጸሐፊ የመዘገበው ማን እንደገዛ ነው። የእኛው ፎካሪ የመዘገበው ግን ምን እንደተሠራበት ነው፤ ያውም በምስክር ፊት። ቀለም ስላልነካው ብቻ መዝገብነቱን ልንክደው አይገባም።

በዚህ መዝገብ ፍቅር እንዳልወድቅ ግን ላስጠንቅቅ፤ ራሴንም ጭምር። የአንበሳ ገዳዩና የሰው ገዳዩ በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ዜማ ነው የሚፎክሩት። ጎፈር የደፋውን ሰው «ይህ የአውሬ ነው ወይስ የሰው?» ብሎ የሚለይ አልነበረም። መዝገቡ ያኮራንን ብቻ አልጻፈም። መዝገብ ያሰኘውም ይኸው ነው።

ስሞቹም የመዝገቡ አካል ናቸው። የፈረንሳዮቹ የ1874 ሞዴል «ፉዚ ግራ» አፋችን ላይ ሲንከባለል ውጅግራ ሆነ። ማንሊኸር ምንሽር ሆነ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ይዘውት የመጡት ስናይደር ሰናድር ተባለ። የቤልጂግ፣ የሞዘር ስምም እንዲሁ ገባ። ከሁሉ የምወደው ግን የባዕድ ስም የሌለውን ነው። በአፈሙዙ የሚጎረሰውን፣ አንዴ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ፀሐይ የምትጠልቀውን የድሮ ጠመንጃ አባቶቻችን «ቆመህ ጠብቀኝ» ብለውታል። በሁለት ቃል የተጻፈ ሂስ ነው። ስንት ገጽ ጽፈን የዚህን ያህል የማንናገር ሐያሲዎች አለን።

ሌላም አለ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያም በኋላ፣ በብዙ ገበያችን ከማርትሬዛው ብርና ከአሞሌው ጨው ጎን ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። ሰው ጥይት ቆጥሮ ዕቃ ይገዛ ነበር። ይህንን ሳስብ የአደኑ ነገር ሌላ መልክ ይይዝብኛል። ቃታ በሳብክ ቁጥር ከኪስህ ገንዘብ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን አዳኝ እንደ ፊልም አይተኩስም፤ ይጠጋል፣ ይጠብቃል፣ ነፋሱን ይለካል፣ ካልሆነለት ሳይተኩስ ይመለሳል። እንግዲህ «ማስቀመጥ» እና «መጠቀም» እኛ ዘንድ ሁለት ጎራ ሳይሆኑ የአንድ ሰው ሁለት እጆች ነበሩ። ጠመንጃውን ቅቤ ወይም ቅባት እየቀባ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠውና ዱር ይዞት የሚወርደው ያው ሰው ነው። ስለሚቆጥብ ያስቀምጣል፤ ስላስቀመጠ ይሠራለታል።

አሁን ወደ አንድ ገጣሚ ልውሰዳችሁ፤ ጠመንጃ ነጋዴ የሆነ ገጣሚ። አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ ከተወ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ወደ ሸዋ ወጣ። በ1887 እንጦጦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገበያየ፤ የሞተ ሸሪኩ የነበረበት ዕዳ ተቀንሶ ከጠበቀው ያነሰ ገንዘብ ይዞ ተመለሰ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ስለ ጠመንጃዎቹ ምንም አልደበቀም። ከአርባ ዓመት በፊት ከሥራ የወጡ ናቸው፤ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ አገር አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ አንዱ ሰባት ስምንት ፍራንክ ነው፤ ሸዋ ግን አርባ ፍራንክ ገደማ ያወጣል ይላል። (ሐረር «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ያማረ ቤት ሰውየው ከሞተ በኋላ የተሠራ መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ። ገጣሚ ሲሞት ቤት ማግኘቱ የተለመደ ነው።)

የእኔን ትኩረት የሳበው ዋጋው ነው። ያው ጠመንጃ ሊዬዥ ላይ ጥራጊ፣ ሸዋ ላይ የንጉሥ ዕቃ ነው። አሮጌነት በብረቱ ውስጥ የለም፤ በገበያው ማዶና ማዶ ቆመው በሚያዩት ሰዎች መካከል ነው ያለው። አንዱ የጣለውን ሌላው አንሥቶ አድኖበታል፣ ዘምቶበታል፣ ልጁን ድሮበታል።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው ብለን እንጠይቅ ካልን ግን ነገሩ ይመርራል። ለጠመንጃው ከሚከፈለው ትልቁ አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። ዝሆኑ በጠመንጃ ይወድቃል፤ ጥርሱ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በጥርሱ ሌላ ጠመንጃ ይመጣል፤ ያም ሌላ ዝሆን ይጥላል። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዘመን፣ የተሸጡ ሰዎችም ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። የጠመንጃ ሰብሳቢ መጽሔቶች ላይ የሰደፉ ቀለም ሦስት ገጽ ሲይዝ ይህ ሒሳብ አንድ መስመር አያገኝም።

«ጠመንጃ ካልተኮሰ ጠመንጃ አይደለም» ለሚሉትም ስሜን ላስታውሳቸው። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር አይገኝም። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ አገሩ በጠመንጃ ሲጥለቀለቅ ዋልያው ለመጥፋት ተቃረበ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው ይህንን እንስሳ ለማትረፍ ነው ማለት ይቻላል። በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ቆየ። ኒያላውም፣ የደጋ አጋዘን የምንለው፣ ዕጣው ቀላል አልነበረም። ፈረንጅ ሳይንስ ያወቀው አይቭር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1908 በአርሲ ተራሮች ላይ መትቶ ቆዳና ቀንዱን ወደ አገሩ ከወሰደ በኋላ ነው፤ ስም የወጣለት በ1910። ከትውውቁ በፊት ጥይቱ ቀደመ። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ በዛሬይቱ ኢትዮጵያ አሮጌውን ምንሽር ይዞ ገደል ለገደል መውረድን ባህል ብሎ የሚያወድስ ሰው ዋልያውን ያማከረ አይመስለኝም። በዚህ በኩል ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ጠመንጃው ይቀመጥ።

ይቀመጥ ስል ግን እንዴት? ጭቅጭቄ እዚህ ጋ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ «የባህል ምግብ ቤት» የሚል ሰሌዳ ካለበት ቤት ግቡ። ግድግዳው ላይ ጋሻ አለ፣ ጦር አለ፣ የጠጅ ቀንድ አለ፣ ከመካከላቸውም አንድ ሁለት ጠመንጃ ተሰቅሏል። አሳላፊውን «የማን ነበር?» በሉት። «ጥንታዊ ነው» ይላችኋል። የት እንደተገኘ ጠይቁት። «ጥንታዊ ነው» ይላችኋል ደግሞ። ምስኪኑ ልጅ ምን ያድርግ፤ ባለቤቱም ከዚያ የተለየ አያውቅም። ብዙ የኤግዚቢሽን አዳራሾቻችንም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። «ጠመንጃ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አለቀ። ይህ እኮ አንድን ልብ ወለድ «መጽሐፍ፣ ወረቀት ያለው» ብሎ እንደማስተዋወቅ ነው። ሰደፉ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ እያየነው፣ ማን ጠፈረው የሚል የለም። የእጅ መያዣው በመዳፍ ብዛት ተልጎ እያብረቀረቀ፣ የማን መዳፍ ነው የሚል የለም።

መድረኩን ደግሞ ተመልከቱ። በበዓል ቀን በቴሌቪዥን ፉከራ ይቀርባል። ወጣቱ ቀምጠሉን ለብሶ፣ ከእንጨት የተቀረጸ ጠመንጃ ይዞ ይወጣል። ድምፁ መልካም ነው፤ ዝላዩም ያምራል። የሚለውን ስሙ። የማን ልጅ ነው? አልተናገረም። የት ነው የወረደው? አልተናገረም። ምን ጣለ? «ጠላት» አለ፤ ያ ብቻ። ውጅግራ ይላል፤ ውጅግራ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ለመመለሱ እጠራጠራለሁ። አድራሻ የሌለው ፉከራ ነው። በእንጨቱ ጠመንጃ አልተከፋሁም፤ መድረክ ላይ ከእንጨት የተሻለ ጠመንጃ የለም። የተከፋሁት በቃሉ ነው፤ ቃሉም ከእንጨት ሆኗል። የጥንቱ ፎካሪ ስም ይጠራ ስለነበር ይጠየቅ ነበር። የዛሬው ማንንም ስለማይጠራ የሚጠይቀው የለም፤ ስለዚህ እንደፈለገ ይገላል።

ይህ ነገር የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን በተነሡት ጦርነቶች፣ አያት የሰቀለውን አሮጌ ጠመንጃ አውርደው የያዙ ሰዎችን በፎቶግራፍ ያላየ የለም። ከግድግዳ ላይ የወረደው ጠመንጃ ሙዚየም ነው ስንለው የነበረው ነው። ያ ሰው ጠመንጃውን ሲያወርድ የአያቱን ሙሉ ታሪክ አብሮ አውርዶ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ከጀግንነቱ ጋር ያሳደረውን ደም፣ ከደሙ ጋር የተካሰበትን ሽማግሌ፣ ከሽማግሌው ጋር የወረደውን እርቅ አብሮ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የሚይዘው ዕቃ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እኛ ያወረስነው ብረቱንና ባዶውን ዘራፍ ነው።

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አውጥቷል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። መሣሪያን ፈቃድ ባለው እጅ ብቻ ማኖር የሚፈልግ ሕግ ነው፤ በመሠረቱ አልቃወምም። ሕግ የሚያውቀው ግን ባለፈቃድና ፈቃድ የሌለውን ነው። የአድዋውን ቬተርሊና ትናንት በኮንትሮባንድ የገባውን ሽጉጥ በአንድ ዓይን የሚያይ ሕግ ፊት፣ አንድ ፈሪ ልጅ የአባቱን ጠመንጃ ወንዝ ቢጥለው ወይም ሌሊት ቢሸጠው ማን ያውቅበታል? ከጠመንጃው ጋር የሚሄደውን ወሬ ግን የሚረከብ መሥሪያ ቤት የለንም። ቤተ መጻሕፍቱም፣ ሙዚየሙም፣ ዩኒቨርሲቲውም አንድ ቀን ድምፅ መቅጃ የያዘ ተማሪ ወደዚያ ቤት አልላኩም።

እስከዚያው ጠመንጃዎቹ ወደ ሌላ አገር እየሄዱ ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ የጣሊያኖቹ ቬተርሊና ካርካኖ፣ የፈረንሳዮቹ ግራ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከቤልጂግ የተገዛው ሞዘር። ጉዞውን ልብ በሉ። ራምቦ ከአውሮፓ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ወደ ሸዋ ያመጣው ዓይነት ጠመንጃ፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ከሸዋ ወደ ሌላ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ተመለሰ። ሲመጣ የንጉሥ ዕቃ የነበረው ሲሄድ በጅምላ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የመሣሪያ ቁጥጥር ሕጋቸው መሠረት፣ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ «ጥንታዊ ዕቃ» ነው እንጂ በሕጉ ዓይን ጠመንጃ አይደለም። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 1896። እዚያ አብዛኛው የጣሊያን ወታደር ይዞት የተሰለፈው ቬተርሊ፣ እኛም የማረክነው ቬተርሊ፣ አሜሪካ ሲደርስ ጠመንጃ መሆኑ ቀረ ማለት ነው።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አንዱን ገዝቶ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ያገሬን ጠመንጃ ገዛሁ» አለኝ። ካርቶኑ እንደ ጫማ ካርቶን በር ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘው። ፎቶግራፉን ላከልኝ። ቬተርሊ ነው። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰብሮ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሯል፤ ከሥሩ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ልጥፍ በትንንሽ ምስማር ተመቷል። የማነጣጠሪያው ጫፍ ወደ ግራ ጎብጧል። አገሩ የሚያውቃቸው ሰብሳቢዎች ሁለት ዓይነት ምክር ሰጥተውታል። አንዱ «ቆዳውን ቅደደውና ሰደፉን በአዲስ እንጨት ለውጠህ በጥቁር ባሩድ ተኩስበት፤ ቀለሁን ራሴ እሠራልሃለሁ» ብሎታል፤ ጥይቱን የሚሠራ ፋብሪካ ከቀረ ቆይቷልና። ሌላው «እንዳትነካው፤ እንደዚህ ሆኖ ነው ዋጋ የሚያወጣው፤ በመስታወት ሣጥን አድርገው» ብሎታል።

«ጋሼ ምን ትላለህ?» አለኝ።

«ከዕቃው ጋር የመጣ ወረቀት አለ?» አልኩት።

«አለ።»

«ምን ይላል?»

«የጠመንጃው ዓይነት፣ ዋጋው፣ ከዚያ 'ኢትዮጵያ' ይላል።»

ያን ቆዳ እርጥብ ሳለ የወጠረው እጅ እኔን የበለጠ ያሳስበኛል። ጥሬ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ይጠፈራል፤ ሲደርቅ ጨምድዶ እንደ ብረት ይይዛል። ጋሻ የሚሠራ፣ አልጋ የሚጠፍር ሰው ዕውቀት ነው። ቆርቆሮውን የመታው ደግሞ አንጥረኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ጠይብ እየተባለ የሚናቀው፣ ያለእሱ ግን አንድም ጠመንጃ ዱር የማይወርደው ሰው። ሰደፉን ለውጡ የሚለው ምክር እነዚህን ሁለት ሰዎች አውጥቶ ይጥላቸዋል። አትንካው የሚለው ምክር ይዟቸው ይቀመጣል፤ ግን የሚያኖራቸው ለዋጋው ማሟያ ነው። የተሻለው ሁለተኛው ነው ብዬ ነገርኩት። ጨምሬም፣ ያየውን ሁሉ በአማርኛ እንዲጽፍ፣ የገዛበትን ቀን፣ የብረቱን ቁጥር፣ የጥፍሩን ብዛት ሳይቀር በደብተር አስፍሮ ከጠመንጃው ጋር እንዲያኖር ነገርኩት። ፉከራው የጠፋበት ዕቃ ነው፤ ቢያንስ አሁን ካለበት ይጀመርለት።

ደብተሩን ጀምሮታል። ባለቤቱ ግን ልጆች ባሉበት ሳሎን ጠመንጃ አይሰቀልም ስላለች፣ ቬተርሊው ለጊዜው ያለው አልጋ ሥር ነው።